ኢብን ሲና እና የሚጥል በሽታ



በዶርም፣ በካፌ ወይም በመስጂድ በር ላይ አንድ ተማሪ በድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ሊያሸተው ይሮጣል። ሌላው ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል። ሌላው ደግሞ ጅን ነው ብሎ ይደመድማል። ልጁ ሲነቃ ከሕመሙ በላይ የከበቡት ዓይኖች ያሸማቅቁታል። በዚህ እትም ሕይወቱን የምናነሳው ሐኪም ይህንን በሽታ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጥሞና አይቶ የጻፈ፣ በመጨረሻም በራሱ አካል ላይ የቀመሰ ሰው ነው።

አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ980) በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን፣ ቡኻራ አጠገብ በምትገኘው አፍሸና መንደር ተወለደ። አባቱ ዐብዱላህ የበልኽ ተወላጅ ሲሆን በሳማኒዮች መንግሥት ሹም ነበር። እናቱ ሲታራ ትባላለች። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን ጨርሶ ነበር። በ16 ዓመቱ ደግሞ ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ እርሱ ዘንድ መጥተው ሕክምና ይማሩ ጀመር።

ትምህርት ግን ሁሌ አልቀለለውም። አንድ ጥያቄ ሲከብደው ወደ መስጂድ ሄዶ ይሰግድና አላህ እንዲከፍትለት ይለምን ነበር። ማታ ቤቱ ተመልሶ መብራት አብርቶ ያነብባል። የአሪስቶትልን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አንብቦ እንዳልገባው እርሱ ራሱ ተርኳል። ከዚያ አንድ ቀን በገበያ የመጽሐፍ ሻጭ ለምኖት የአል-ፋራቢን ማብራሪያ በሦስት ዲርሀም ገዛ። ያን ሲያነብ የተቆለፈው ሁሉ ተከፈተለት። በማግስቱ ለምስጋና ለድሆች ብዙ ሰደቃ ሰጠ። ፈተና ደርሶ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ገና ወጣት ሳለ የቡኻራው አሚር ኑሕ ኢብን መንሱር ታመመና ከሐኪሞቹ ጋር እንዲያክመው ተጠራ። አሚሩ ሲድን ኢብን ሲና የጠየቀው ነገር ቢኖር የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲያነብ እንዲፈቀድለት ነው። ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞተ፣ የሳማኒዮችም መንግሥት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ስደት ሆነ። ከጉርጋንጅ ወደ ጁርጃን፣ ከጁርጃን ወደ ሬይ፣ ከሬይ ወደ ሀመዳን ተንከራተተ። በሀመዳን የሸምሱ ደውላ ሚኒስትር ሆኖ ቀኑን በመንግሥት ሥራ ያሳልፋል፣ ሌሊቱን ተማሪዎቹን ያስተምራል። ሸምሱ ደውላ ከሞተ በኋላ ፈርደጃን በተባለ ምሽግ አራት ወር ያህል ታሰረ። በመጨረሻም ከወንድሙና ከታማኝ ተማሪው ከአል-ጁዝጃኒ ጋር የሱፊዎችን ልብስ ለብሶ ወደ ኢስፋሃን አመለጠ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ነው አልቃኑን ፊ ጢብ የተባለውን የሕክምና መጽሐፍ የጻፈው። መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው። ሦስተኛው ክፍል የሰውን በሽታዎች ከራስ እስከ እግር በተራ ይዘረዝራል፤ ስለዚህም የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ራስ ምታት፣ ሲርሳም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክ፣ የፊት መጣመም፣ ሽባነት፣ መንቀጥቀጥ፣ እያንዳንዱ ምክንያቱና ምልክቱ ለየብቻ ተጽፏል።

ሲርሳም የሚለው ስም ዛሬ ማጅራት ገትር የምንለውን በሽታ ያካትታል። የእኛ ስም ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ማጅራት ይገተራል። ኢብን ሲና የአንጎልንና የሽፋኑን ብግነት፣ በሌላ ምክንያት በመጣ ትኩሳት ከሚከሰት መቃዠት ለይቶ እንዲታይ አስተምሯል። ፊቱ የተጣመመን ሰው እኛ ብርድ መታው እንላለን። እርሱ ግን የፊት ጡንቻ ተወጥሮ የተሳበበትንና ዝሎ የላላበትን ሁኔታ ለይቶ ጽፏል።

የሚጥል በሽታ በዐረብኛ ሰርዕ ይባላል፤ ትርጉሙም እንደ አማርኛው መጣል ነው። ኢብን ሲና ምንጩ አንጎል ውስጥ ያለ ሙሉ ያልሆነ መዘጋት ነው አለ። መዘጋቱ ሙሉ ሲሆን ደግሞ ሰክታ ማለትም ስትሮክ ይሆናል ብሎ አሰበ። የሚጥል በሽታ ልጆችን አብዝቶ እንደሚይዝም ጻፈ። በሰክታ የወደቀ ሰው አንዳንዴ ከሞተ ሰው ስለማይለይ፣ ሞቱ ያጠራጠረ ሰው ሁኔታው እስኪገለጥ ቢያንስ 72 ሰዓት ሳይቀበር እንዲቆይ አስጠነቀቀ። ጀናዛን ማፋጠን ሱና በሆነበት ሕዝብ መካከል ይህን መጻፉ ለምልክቶች ምን ያህል ክብደት ይሰጥ እንደነበር ያሳያል።

ስለ ጅንስ ምን አለ? የአእምሮ ጭንቀት ሕመምን ባነሳበት ቦታ፣ አንዳንዶች በሽታው ከጅን ነው እንደሚሉ ይጠቅሳል። እርሱ ጅን መኖሩን ለመከራከር አልተነሳም። ከጅን ቢሆን እንኳ ሕመሙ የሚታየው በአካል ላይ በሚመጣ ለውጥ ነው፤ የሐኪም ሥራ ያንን ለውጥ ማከም ነው የሚል አቋም ያዘ።

ኢብን ሲና ያልተሳሳተ ሰው አልነበረም። በዘመኑ እንደነበሩት ሐኪሞች ሁሉ በሽታን በአክታና በጥቁር ሐሞት መብዛት ያብራራ ነበር። ዛሬ የሚጥል በሽታ የአንጎል ሴሎች ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሆነ፣ ስትሮክም የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ እንደሚመጣ እናውቃለን። በፍልስፍናውም ኢማም አል-ገዛሊ ጠንካራ ትችት አቅርበውበታል። ሕክምናው ግን ድንበር ተሻገረ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጦሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሩበት።

የመጨረሻ ዘመኑን አል-ጁዝጃኒ በዝርዝር ጽፎልናል። አንድ ጊዜ ራሱን አሞት በረዶ አስፈጭቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ላይ በማድረግ እንደዳነ ይተርካል። በኢስፋሃኑ ገዥ ዘመቻ ላይ ሳለ ግን ከባድ የሆድ ቁርጠት ያዘው። ቶሎ ድኖ ጉዞውን ለመቀጠል ስለቸኮለ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ አንጀቱን በመድኃኒት አጠበ። አንጀቱ ቆሰለ፣ ቁርጠቱን ተከትሎም የሚጥል በሽታ ያዘው። ሌሎችን ያከመበት፣ ምልክቱን አንድ በአንድ የጻፈበት በሽታ እርሱንም ጣለው። አቅሙ እንዳለቀ ሲረዳ ሕክምናውን ተወ። ተውበት አደረገ፣ ያለውን ለድሆች ሰጠ፣ ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ፣ ቁርኣንን በየሦስት ቀኑ ያኸትም ጀመር። በ428 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) በረመዳን ወር በሀመዳን ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው።

በዚህ በሽታ መያዝ ነውር ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልመጣች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የሚጥላት አንዲት ጥቁር ሴት እንደምትወድቅና ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነግራቸው ዱዓ ለመነቻቸው። ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገች ደግሞ እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ትዕግሥቱን መረጠች፤ ግን ስትወድቅ እንዳትገለጥ ዱዓ አስደረገች። የለመነችው ክብሯን ነው።

እህቶችና ወንድሞች፣ ይህንን ክብር መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። ጓደኛችሁ ሲወድቅ አትሽሹ፣ በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ክብሪቱን ተዉት፣ አይጠቅምም። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አፍናችሁም አትያዙት። ጠንካራና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰውነቱ ከተገለጠ ሸፍኑት፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ተመልከቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ከዚያም በኋላ ሕክምና እንዲጀምር አበረታቱት፣ የጀመረውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጥ ምከሩት። ዱዓውም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን። አሚን!