ሮበርት ቡንሰንና በስሙ የተሰየመው የወጣቶች ሽልማት

በተማሪ ቤት ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ የቡንሰንን ስም ከመምህሩ አፍ ሳይሰማ አይቀርም። ያለ ጥቀርሻ ሰማያዊ ነበልባል የሚያነደው ትንሹ የጋዝ ምድጃ ቡንሰን በርነር ይባላልና። ነገር ግን የመሣሪያውን ስም የሚያውቅ ብዙ ሲሆን፥ የሰውየውን ሕይወት የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔን ታሪኩን እንዳነብ ያነሣሣኝ አንድ ሽልማት ነው። በጀርመን አገር፥ ብርሃንን እየመረመሩ አንድ ነገር ከምን እንደ ተሠራ ለሚለዩ ሊቃውንት፥ የቡንሰንና የኪርክሆፍ ሽልማት የሚባል በ1990 ተመሥርቷል። ሽልማቱም በተለይ የሚያስበው ሥራቸውን ገና የጀመሩትን ወጣት ተመራማሪዎች ነው። ታዲያ የወጣቶች ሽልማት በ88 ዓመቱ በሞተ ሽማግሌ ስም ስለ ምን ተሰየመ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ከሕይወቱ ውስጥ ያገኘሁት ስለ መሰለኝ እነሆ አቀርብላችኋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሮበርት ቪልሄልም ቡንሰን በ1811 በማርች ወር ጎቲንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊና የቋንቋ መምህር ነበር፤ እርሱም ከአራት ወንድማማቾች የመጨረሻው ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም መንግሥት በሰጠው ገንዘብ እየተረዳ ወደ ፓሪስ፥ ወደ ቪየናና ወደ ሌሎችም ከተሞች እየተዘዋወረ ፋብሪካዎችን ጐበኘ፥ ከታላላቅ ሊቃውንትም ጋር ተዋወቀ።

ቡንሰን ስሙን ያስጠራበት የመጀመሪያ ሥራ የሰውን ነፍስ የሚያድን ነበር። በዚያን ዘመን አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ቡንሰን በርትሆልድ ከሚባል ሐኪም ጋር ሆኖ ሲመረምር፥ የዝገት ዘመድ የሆነውና አዲስ ተዘጋጅቶ ከነውሃው ያለው የብረት ኦክሳይድ መርዙን ይዞ በቀላሉ የማይሟሟ እንደሚያደርገው በ1834 ደረሰበት። ይህን መድኀኒት ባገኘ ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ብቻ ነበር።

ቀጥሎም በካሰል ከተማ መምህር ሆነ፤ በዚያም ከዚሁ ከአርሴኒክ የሚሠሩትን ካኮዲል የሚባሉ ነገሮች መመርመር ጀመረ። እነዚህ ነገሮች ሽታቸው እጅግ የከፋ፥ እንፋሎታቸው መርዝ፥ አየር ሲነካቸውም በራሳቸው የሚቀጣጠሉ ናቸው። አንድ ቀን ዕቃው ፈንድቶ የመስተዋት ስባሪ ቀኝ ዐይኑን መታው፤ የዚያንም ዐይን ብርሃን አጣ። በመርዙም ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ የጀመረውን ሳይፈጽም አልተወውም። ከጨረሰ በኋላ ግን ከእንዲህ ያለው የኬሚስትሪ ክፍል ወጥቶ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ መለሰ። እኔ በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። ጀግንነት በአደጋ ላይ መጋፈጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ግዴታን ፈጽሞ በጊዜው ዘወር ማለትም ጥበብ ነው።

ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ በ1841 ዋጋው ውድ በሆነው በፕላቲን ፈንታ ርካሽ በሆነው በካርቦን የሚሠራ ባትሪ አወጣ። የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችንም ጋዝ በመመርመር፥ በጀርመን አገር ምድጃዎች ከሙቀቱ እኩሌታ የሚበልጠው በከንቱ ከጭሱ ጋር እንደሚወጣ አሳየ። በ1846 ደግሞ ወደ አይስላንድ ደሴት ሄዶ፥ ፍል ውሃን ወደ ሰማይ የሚረጨውን ምንጭ መረመረ። ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ቴርሞሜትር በገመድ ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ሙቀቱን ለካ። ከታች ያለው ውሃ ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ አልፎ ሳለ የማይፈላው በላዩ ያለው ውሃ ስለሚጫነው መሆኑን፥ ጭነቱም ሲቀልለት በድንገት ፈልቶ የሚፈነዳ መሆኑን ገለጠ።

በ1852 የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ለእርሱም አዲስ የመመርመሪያ ቤት ሲሠራ በከተማይቱ የመብራት ጋዝ ይገባ ነበር። ነገር ግን በጊዜው የነበሩት የጋዝ ምድጃዎች ጥቀርሻ የበዛባቸው ነበሩ። ስለዚህ ቡንሰን የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ከሆነው ከዴሳጋ ጋር በ1855 አዲስ ምድጃ አዘጋጀ። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ጋዙ ከመቃጠሉ አስቀድሞ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ከሚገባው አየር ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህም ነበልባሉ እጅግ ሙቅና ቀለም የሌለው ይሆናል።

ይህ ቀለም የሌለው ነበልባል ለታላቁ ሥራው በር ከፈተለት። ጨው በነበልባል ውስጥ ሲገባ ነበልባሉ ብጫ ይሆናል፤ ሌላውም ነገር እንዲሁ የየራሱን ቀለም ይሰጣል። ቡንሰን ቀለሞቹን በባለቀለም መስተዋት እያየ ለመለየት ይደክም ነበር። በዚህ ጊዜ ከእርሱ 13 ዓመት የሚያንሰው ባልንጀራው የፊዚክስ መምህሩ ጉስታቭ ኪርክሆፍ ብርሃኑን በፕሪዝም መተንተን እንደሚሻል መከረው። ቡንሰንም ከእኔ የሚያንስ ምን ያስተምረኛል ሳይል ምክሩን ተቀበለ። በ1859 ሁለቱ በሠሩት መሣሪያ ሲመለከቱ፥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ሰው የጣት አሻራ የራሱ የሆኑ የብርሃን መስመሮች እንዳሉት ተረዱ። የዚህ ዘዴ ረቂቅነት እጅግ ያስደንቃል፤ አንዱ ሚሊግራም ለሦስት ሚሊዮን ቢከፈል፥ ከዚያ ክፋይ እንኳ የሚያንሰውን ሶዲየም ለይተው ለማየት ችለዋል።

በ1860 የዱርክሃይምን የማዕድን ውሃ ሲመረምሩ ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸው ሰማያዊ መስመሮች ታዩ። አዲስ ንጥረ ነገር ነበር፤ ስሙንም ከሰማያዊ ቀለሙ የተነሣ ሴዚየም አሉት። በመሣሪያ ያዩትን በእጅ ለመያዝ ግን ቡንሰን 44,000 ሊትር የሚያህል ውሃ አስተነነ፤ ከዚያም ሁሉ ያገኘው የሴዚየም ክሎራይድ ሰባት ግራም ያህል ብቻ ነው። በሚከተለው ዓመት መስመሩ ቀይ የሆነውን ሩቢዲየምን አገኙ። ሌሎችም ሊቃውንት በዚሁ መንገድ በ1861 ታሊየምን፥ በ1863 ኢንዲየምን አገኙ። ኪርክሆፍም የፀሐይን ብርሃን እየተነተነ ሰው ሊደርስባት በማይችል በፀሐይ ውስጥ ሶዲየምና ብረት መኖራቸውን አስረዳ።

አሁን ሁላችንንም ተማሪዎችና ወላጆቻችንን የሚመለከት ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ልንሄድ ስንል በቤታችን የምንሰማው ጥያቄ የትኛው ትምህርት ገንዘብ ያስገኛል የሚል ነው። ለወላጅ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ቡንሰን ግን ለምድጃውም ለባትሪውም ፓተንት የሚባለውን የባለቤትነት መብት አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ባለጸጋ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እኛ ያለው ተማሪ ምድጃውን በርካሽ ባላገኘው ይሆን ነበር። የሊቅ ዋጋው ሥራውን ሠርቶ በማየት የሚያገኘው ደስታ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሚስት አላገባም፤ ጊዜውንና ጉልበቱን የወሰዱት ተማሪዎቹ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮስኮ፥ የንጥረ ነገሮችን ሥርዐት ካጠኑት አንዱ የሆነው ሎታር ማየር፥ የጋዝ መብራትን ያሻሻለው አውየር ፎን ቬልስባህ ከእርሱ ዘንድ የተማሩ ናቸው። በ1889 በ78 ዓመቱ ከማስተማር ዐረፈ፤ በ1899 በኦገስት 16 ቀን በሃይድልበርግ ሞተ።

እንግዲህ ስለ ሽልማቱ የጠየቅሁት ጥያቄ በእኔ አሳብ እንዲህ ይመለሳል። ቡንሰን መርዝን ያሸነፈው በ23 ዓመቱ ነው፤ የብርሃንን ምስጢር የገለጠው ደግሞ ከእርሱ የሚያንሰውን ሰምቶ ነው። ሽልማት ለሽማግሌ ሲሰጥ ላለፈው ድካም ምስጋና ነው፤ ለወጣት ሲሰጥ ግን ገና ላልተሠራው ሥራ የተሰጠ አደራ ነው። አደራውም ይህ ይመስለኛል፤ ጥቂቷን ነገር ሳይንቁ መመርመር፥ ያገኙትንም ለሌላው መስጠት። ከእኛም መካከል ኬሚስትሪን የሚመርጥ ቢኖር፥ ሽልማቱ ቢደርሰው መልካም ነው፤ ባይደርሰውም አደራው ይደርሰዋል።