ሜሊታ ቤንትስ

ሜሊታ ቤንትስ (ጃንዋሪ 31 ቀን 1873 – ጁን 29 ቀን 1950 እ.ኤ.አ.) የቡና ማጥለያ ወረቀትን የፈለሰፉ ጀርመናዊት የቤት እመቤትና ነጋዴ ነበሩ። በብዙ ቤቶች የሚገኘው ቡና የሚያንጠባጥብ የኤሌክትሪክ ማፍያ የተመሠረተው በእርሳቸው ሐሳብ ላይ ነው።

የፈጠራው መነሻ

የተወለዱት በድሬስደን ከተማ ነው። ሁጎ ቤንትስን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በዘመኑ የጨርቅ ማጥለያን ማጠብ ያስቸግር ነበር። ፐርኮሌተር የተባለው ማፍያ ደግሞ የፈላውን ቡና ደጋግሞ በዱቄቱ ላይ ስለሚያፈስሰው ቡናው ይመር ነበር። ሜሊታ የናስ ዕቃ ታቹን በሚስማር በሳስተው፣ ከልጃቸው ደብተር የወሰዱትን ቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፉበት። በዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ ሲያፈሱበት አተላው ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ቡናው ጠርቶ ወረደ።

ድርጅቱ

የበርሊኑ የፈጠራ መብት ቢሮ ግኝቱን በጁን 20 ቀን 1908 መዘገበላቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ከአንድ ማርክ ባነሰ ገንዘብ ድርጅታቸውን በመኖሪያ ቤታቸው አቋቋሙ፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ያግዟቸው ነበር። በ1909 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ከ1,000 በላይ ማጥለያዎች ሸጡ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቤታቸው ዘመቱ፣ ብረት ለጦሩ ተወሰደ፣ ወረቀት በራሽን ሆነ፣ ቡናም ከውጭ መግባቱ ቆመ። ሜሊታ በዚህ ጊዜ ካርቶን እየሸጡ ኑሯቸውን ደገፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ስለሰፋ ድርጅቱ በ1929 ወደ ሚንደን ከተማ ተዛወረ። በ1932 አብዛኛውን ድርሻ ለወንዶች ልጆቻቸው አስተላለፉ። ለሠራተኞች የገና ጉርሻ እንዲሰጥ፣ የዓመት ፈቃድ ከ6 ወደ 15 ቀን ከፍ እንዲል፣ ሥራውም በሳምንት 5 ቀን እንዲሆን አድርገዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማጥለያው ምርት ቆሞ ድርጅቱ ለጦርነቱ የሚውሉ ዕቃዎች አመረተ።

በቤት ማፍያዎች ላይ ያለው ቦታ

ሜሊታ ካረፉ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ቪጎማት የተባለ የኤሌክትሪክ ማፍያ በጀርመን የፈጠራ መብት አገኘ። በእንዲህ ያለ ማሽን የሞቀው ውሃ በቱቦ ወጥቶ በማጥለያው ውስጥ ባለው ቡና ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ሞካ የሚባለው የጣሊያን ማፍያ ግን ውሃውን በእንፋሎት ግፊት ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ማጥለያውም ብረት ነው። ወረቀት የቡናውን ዘይትና ደቃቅ ዱቄት ስለሚያስቀር የማንጠባጠቢያው ቡና ቀለል ያለና የጠራ ሲሆን የሞካው ወፍራምና ጠንካራ ነው።