የሚስቱን ጌጥ አስይዞ ፊልም የሠራው ሰው

ዛሬ ከቦንጋ ይዘናችሁ ወደ ህንዷ ካልካታ እንሄዳለን።

ሳትያጂት ራይ በ1921 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ2 ዓመቱ አባቱ ሞቱበት፤ እናቱ አሳደጉት። ሥራው የማስታወቂያ ስዕል ነበር። የአንድ ድሃ የገጠር ቤተሰብን ታሪክ ለሚተርክ መጽሐፍ ስዕል ሲሠራ ታሪኩ ከልቡ አልወጣ አለ፤ ፊልም ሊያደርገው ወሰነ።

በ1952 ቀረጻ ሲጀምር ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ካሜራማኑም የ21 ዓመት ልጅ ነው፤ የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። ብር ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ራይ ሸክላዎቹን ሸጠ፣ የሚስቱን ጌጥ አስያዘ። በመጨረሻ የክልሉ መንግሥት ገንዘብ ሰጠውና «ፓተር ፓንቻሊ» በ1955 ወጣ፤ በዓመቱ ካን ላይ ተሸለመ። ድህነታችንን ለፈረንጅ አሳየብን ብለው ያኮረፉበትም ነበሩ። እሱ ግን ከ30 በላይ ፊልም ሠራ፤ በ1992 ኦስካር በተሰጠው በሳምንታት ውስጥ አረፈ።

በዚያ ፊልም አሮጊቷን ሆነው የተጫወቱት ቹኒባላ ዴቪ ወደ 80 ዓመት ይጠጋቸው ነበር። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ አረፉ። ራይ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ያ ፊት ዛሬ የለም ማለት ነው።

በእኛም አገር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ የጭሰኛውን ኑሮ አሳይቶናል። ካፋም ጭሰኝነትን ታውቀዋለች። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ኑሮ የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬም አሉን። ካሜራው እኮ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሳይመሽ ቅረጿቸው!