ሄልምሆልትዝ፦ የዓይንን ውስጥ ለሐኪሞች የገለጠው ሳይንቲስት

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሞች በሕይወት ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ማየት አይችሉም ነበር። ከውጭ ሲታይ እንከን የሌለው ዓይን ብርሃኑን ሲያጣ የሕመሙ መንስኤ ምስጢር ሆኖ ይቀራል፤ ቢታወቅም የሚታወቀው ሕመምተኛው ሞቶ አስከሬኑ ሲመረመር ነበር። ይህን መጋረጃ የገለጠው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው።

ሄልምሆልትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 በበርሊን አቅራቢያ በምትገኘው ፖትስዳም ተወለደ። ምኞቱ ፊዚክስ ማጥናት ነበር፤ የመምህሩ አባቱ ገቢ ግን ለዚህ አልበቃም። ስለዚህ በርሊን በሚገኘው የጦር ሠራዊት የሕክምና ተቋም በነፃ ለመማር፣ በምላሹም በወታደር ሐኪምነት ለማገልገል ተስማማ። በ1842 በሕክምና ተመረቀ። በሠራዊቱ ውስጥ ሳለም ምርምሩን አላቋረጠም፤ በ1847፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ኃይል ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ እንደማይጠፋ የሚያስረዳውን ዝነኛ ጽሑፉን አሳተመ። በ1849 የዛሬዋ ካሊኒንግራድ በሆነችው ኮኒግስበርግ የፊዚዮሎጂ መምህር ሆነ።

በ1850 ለተማሪዎቹ ትምህርት ሲያዘጋጅ የዓይን ብሌን ለምን ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ ማሰላሰል ጀመረ። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ተመላሹን ብርሃን ለማየት ሐኪሙ በዚያው መንገድ ላይ መቆም አለበት፤ ያን ጊዜ ግን የራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርደዋል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሄልምሆልትዝ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከሕመምተኛው ጎን መብራት አኖረ፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም ስስ መስታወቶችን አጋድሞ ያዘ። መስታወቶቹ የመብራቱን ብርሃን ከፊሉን ወደ ሕመምተኛው ዓይን ያንጸባርቃሉ፤ ከዓይኑ ከሚመለሰውም ከፊሉን ወደ ተመልካቹ ያሳልፋሉ። ምስሉን የሚያጠራ ሌንስ ሲጨመርበት፣ ቀዩ የዓይን ዳራ ከደም ሥሮቹና ከነርቩ ጫፍ ጋር ወለል ብሎ ታየ። የመጀመሪያው መሣሪያ የተሠራው ከካርቶን፣ ከሙጫ፣ ከመነጽር ሌንስና ከስስ መስታወት ነበር።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ያሳየው የዓይን ሐኪም ግን ጥቅሙን ስላልተረዳ ሥራው በወቅቱ ሳይታወቅ ቀረ። ሄልምሆልትዝ በበኩሉ የመሣሪያውን አሠራርና ሳይንሳዊ መሠረት የሚያብራራ መጽሐፍ በ1851 አሳተመ።

ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። አንድ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም በታመመ ዓይን ላይ ብርሃን ማብራት አደገኛ ነው ብሎ ሸሸው፤ ሌላው ደግሞ መሣሪያው የሚያስፈልገው ማየት ለተሳነው ሐኪም ነው ብሎ ናቀው። ወጣቱ የበርሊን የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፌ ግን ወዲያው ተጠቀመበት። በግላኮማ በተያዙ ሰዎች የዓይን ነርቭ ጫፍ ላይ የሚታየውን ለውጥ አጠና፤ በ1859 ደግሞ ድንገተኛ ዕውርነት የሬቲና ዋና የደም ቧንቧ ሲዘጋ ሊመጣ እንደሚችል አሳየ።

መሣሪያው በፍጥነት ተሻሻለ። በ1852 የኮኒግስበርጉ የመሣሪያ ባለሙያ ሬኮስ ሌንሶችን በሚሽከረከር ጎማ ላይ ደረደረለት፤ ሐኪሙ ሌንስ ለመቀየር ጎማውን በጣቱ ማዞር ብቻ በቃው። በዚያው ዓመት ሌላው ጀርመናዊ ሐኪም ሩቴ፣ መሐሉ የተበሳ ጎድጓዳ መስታወት በመጠቀም ብርሃኑን አጎላው።

ሄልምሆልትዝ በዚህ አላበቃም። የዓይንን የፊት ሽፋን ኩርባ የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ ስለ እይታ ሳይንስ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ በመስማትና በድምፅ ላይም ተመራመረ። በ1871 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ በወጣትነቱ በገንዘብ እጦት የራቀውን ሙያ በ50 ዓመቱ ገደማ በይፋ ተቀዳጀ። ያረፈው በ1894 ነው። ድህነት ያስጠናው ሕክምናና ልቡ የፈቀደው ፊዚክስ የተገናኙበት ያ የካርቶን መሣሪያ፣ ዛሬ በራሱ አምፖል እያበራ በሐኪሞች እጅ ይገኛል፤ የሬኮስ የሌንስ ጎማም አሁንም በላዩ ላይ ይሽከረከራል።