ሙዚቃን ያለ ገመድ አጥርቶ ያሰማን ሰው

አርምስትሮንግ የሚለው ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ወይ ጨረቃን የረገጠውን ኒይልን፣ ወይ ደግሞ መለከተኛውን ሉዊስን ነው፡፡ ሦስተኛው አርምስትሮንግ እምብዛም አይነሳም፡፡ ሆኖም ሞባይላችንን ሳሎን አስቀምጠን በረንዳ ላይ ባለው ስፒከር ሙዚቃ ስናዳምጥ፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ስንሰማ ባለውለታችን እሱ ነው፡፡ ሙሉ ስሙ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል፡፡ ታሪኩን ዛሬ የማነሳው ታላቅ መሐንዲስ ስለነበረ ብቻ አይደለም፡፡ ትክክል መሆን ብቻውን ሰውን ምን ያህል እንደማያድን የእሱን ያህል የሚያሳይ ሕይወት ስላላጋጠመኝም ጭምር ነው፡፡ (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ፡፡ በስምንት ዓመቱ ገደማ የያዘው ሕመም ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት አስቀረው፤ ሲናደድ ወይም ሲደሰት ፊቱንና ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ ምልክትም እስከ ዕድሜ ልኩ ትቶበት ሄደ፡፡ ብቸኝነቱ ግን ከመሣሪያ ጋር አወዳጀው፡፡ በወጣትነቱ ዮንከርስ በሚገኘው የወላጆቹ ግቢ ከ35 ሜትር በላይ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ ራሱ ተከለ፡፡ ከፍታ አይፈራም ነበር፡፡

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሳለ፣ በ1912፣ የመጀመሪያ ግኝቱን አገኘ፡፡ ሊ ደ ፎረስት የተባለው ፈልሳፊ በ1906 ኦዲዮን የሚባል አምፖል መሰል መሣሪያ ሠርቶ ነበር፡፡ መሣሪያው የሬዲዮ ምልክትን ይቀበላል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ የሚያስረዳ አልነበረም፡፡ አርምስትሮንግ ከኦዲዮኑ የሚወጣውን ምልክት መልሶ ወደ መግቢያው አስገባው፡፡ ምልክቱ በዞረ ቁጥር እየጎለበተ ሄደና በጆሮ ማዳመጫ እንኳ በጭንቅ ይሰማ የነበረው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፡፡ ከዚህም አልፎ ምልሰቱ ሲበረታ ያው መሣሪያ ራሱ ሞገድ ማመንጨት ጀመረ፡፡ ማለትም አንዱ አምፖል መቀበያም ማሰራጫም ሊሆን ቻለ ማለት ነው፡፡

አባቱ ትምህርትህን ሳትጨርስ ለፓተንት የሚሆን ገንዘብ አልሰጥም ስላለው፣ ሞተር ብስክሌቱን እስከመሸጥ ደርሷል፡፡ ማመልከቻውን ያስገባው በ1913 መጨረሻ ሲሆን፣ ፓተንቱ በቀጣዩ ዓመት ተሰጠው፡፡ ይሁንና ደ ፎረስት ሐሳቡ ቀድሞ የኔ ነው ብሎ ተነሣ፡፡ ክርክሩ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ፡፡ በርካታ የዘመኑ መሐንዲሶች ዳኞቹ ቴክኒኩን አልተረዱትም ብለው ያምኑ ነበር፡፡ አርምስትሮንግ ለዚሁ ፈጠራ የሬዲዮ መሐንዲሶች ተቋም የሸለመውን ሜዳሊያ ሊመልስ ቢሞክርም፣ ተቋሙ አልቀበልም አለው፡፡ ከባለሙያዎች ሸንጎ ረትቶ በሕግ ሸንጎ ተረታ፡፡ ይህ ቁስል እስከ መጨረሻው እንዳልሻረለት ከኋላ ታሪኩ መረዳት ይቻላል፡፡

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የመገናኛ መኮንን ሆኖ ፓሪስ ሄደ፡፡ በዚያም በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የሬዲዮ መቀበያ ዘዴ ፈለሰፈ፡፡ ዘዴው የሚመጣውን ሞገድ ለመቀበያው ወደሚመች አንድ ቋሚ ድግግሞሽ ለውጦ የሚያጎላ ነው፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ነበሩ፡፡ አያቶቻችን ሳሎን ውስጥ ጥልፍ አልብሰው ያስቀምጡት የነበረው ባለ ሳጥን ሬዲዮም የዚሁ ዘር ነው፡፡

በ1922 አርሲኤ ለተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ ሌላ ፈጠራውን ሲሸጥ፣ ከጥሬ ገንዘቡ በተጨማሪ 60 ሺሕ አክሲዮን ስላገኘ ከኩባንያው ታላላቅ ባለአክሲዮኖች አንዱ ሆነ፡፡ ከኩባንያው መሪ ከዴቪድ ሳርኖፍ ጋርም የልብ ወዳጅ ነበር፡፡ የሳርኖፍን ጸሐፊ ማሪዮን ማክኢኒስን ወድዶ በ1923 አገባ፡፡ የሠርጉ ስጦታ ታዲያ ወርቅ ወይም አልማዝ አልነበረም፡፡ ለሙሽራዪቱ በእጅ የሚንጠለጠል ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ ሠራላት፡፡ ፍሎሪዳ ውስጥ በባሕር ዳርቻ ላይ ባልና ሚስቱ ከሬዲዮው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፡፡ ሬዲዮው ሻንጣ ያክላል፡፡ ቢሆንም ሙዚቃን ከሳሎን አውጥተው ደጅ ካሰሙት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ መሆኑን ሳስብ፣ ዛሬ ለግቢ የምንገዛው ስፒከር ቅድመ አያት ይመስለኛል፡፡

የዘመኑ ሬዲዮ ትልቁ በሽታ ጫጫታ ነበር፡፡ በክረምት መብረቅ በበረቀ ቁጥር የኤ ኤም ሬዲዮ እንዴት እንደሚንጣጣ የሰማ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፡፡ በኤ ኤም ዘዴ ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ከፍታ ላይ ነው፡፡ መብረቁም፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩም የሚረብሹት ይህንኑ ከፍታ ስለሆነ መቀበያው ዘፈኑን ከጫጫታው መለየት አይችልም፡፡ አርምስትሮንግ የሞገዱን ከፍታ ትቶ ድምፁን በድግግሞሹ ላይ ጫነው፡፡ መቀበያውም የከፍታውን መዋዠቅ ቆርጦ ጥሎ ድግግሞሹን ብቻ ያነብባል፡፡ ይህ ነው ኤፍ ኤም የሚባለው፡፡ ጆን ካርሰን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1922 ዘዴው ጥቅም እንደሌለው በስሌት አሳይቶ ስለነበር ብዙዎች ፋይሉን ዘግተውታል፡፡ አርምስትሮንግ ግን ሌሎች ሊያጠብቡት የታገሉትን የሞገድ መስመር አሰፋው፤ ጫጫታውም ጠፋ፡፡ ፓተንቶቹ የተሰጡት በዲሴምበር 1933 ነው፡፡

በኖቬምበር 1935 በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት አዲሱን ሬዲዮ አሰማ፡፡ ውኃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ፣ ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ጥርት ብሎ መጣ፡፡

ሳርኖፍ ይፈልግ የነበረው የነበረውን ሬዲዮ ከጫጫታ የሚያጸዳ ትንሽ መሣሪያ ነበር፡፡ የመጣለት ግን ማሰራጫውንም መቀበያውንም ከሥር የሚለውጥ ሌላ ሬዲዮ ሆነ፡፡ አርሲኤ ደግሞ ገንዘቡንና ልቡን ለቴሌቪዥን ሰጥቶ ነበር፡፡ በዚያው በ1935 አርምስትሮንግ ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ 85ኛ ፎቅ ላይ ዕቃውን እንዲያወጣ ተነገረው፡፡ ኒው ጀርሲ ውስጥ አልፓይን በሚባል ቦታ በራሱ ገንዘብ ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ ተክሎ ሥርጭት ጀመረ፡፡ በ1940 አርሲኤ የፓተንቶቹን አገልግሎት በአንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ክፍያ ልግዛ ሲለው እምቢ አለ፡፡ ሌሎቹ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው ሮያሊቲ እየከፈሉ ትልቁ ኩባንያ ተለይቶ መገላገሉ ፍትሐዊ አልመሰለውም፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ያው ሰው ለአገሩ ጦር ፓተንቶቹን ያለ ክፍያ ፈቀደ፡፡

በ1945 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍ ኤምን ከቀድሞ መስመሩ አንሥቶ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ አዛወረው፡፡ በሕዝብ እጅ የነበሩት ግማሽ ሚሊዮን የሚገመቱ መቀበያዎች በአንድ ውሳኔ ከንቱ ሆኑ፡፡ የሚገርመው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የተጀመረው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም ሆነ በ2000 ዓ.ም. የተከተለው የግሉ ሸገር 102.1 ያሉት በዚሁ እሱን ባከሰረው መስመር ውስጥ ነው፡፡

አርምስትሮንግ በ1948 አርሲኤን ከሰሰ፡፡ የፓተንት ዕድሜ በወቅቱ የአሜሪካ ሕግ 17 ዓመት በመሆኑ ዋና ዋናዎቹ በ1950 መጨረሻ ያበቃሉ፡፡ ስለዚህ የተከሳሽ ጠበቆች ማሸነፍ ሳያስፈልጋቸው ማዘግየት ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ከሳሹን ከአንድ ዓመት በላይ በጥያቄ አመላለሱት፡፡ ሀብቱ ለጠበቃ አለቀ፡፡ ቀንና ሌሊት ስለ ክሱ እንጂ ስለ ሌላ የማያወራ ሰው ሆነ፡፡ በ1953 መገባደጃ ከማሪዮን ጋር ሲጨቃጨቁ በእሳት መቆስቆሻ ክንዷን መታት፡፡ እሷም ጥላው እህቷ ዘንድ ሄደች፡፡ ጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ 1954 ለባለቤቱ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ በ63 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፡፡

በዚያው ዓመት አርሲኤ ከማሪዮን ጋር ታረቀ፤ የከፈለው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነበር፡፡ ባሏ ከ14 ዓመት በፊት እምቢ ካለው ገንዘብ እምብዛም አይለይም፡፡ እሷ ግን ሌሎቹን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ተከታትላ በ1967 የመጨረሻውን፣ ሞቶሮላን፣ ረታች፡፡ ለእኔ ከፈጠራዎቹ እኩል የሚደንቀኝ የዚህች ሴት ጽናት ነው፡፡ ተመትታ የወጣች ሚስት የባሏን ስም 13 ዓመት ተሟግታ አስመለሰች፡፡

ያን አንድ ሚሊዮን መቀበል ነበረበት የሚሉ አሉ፡፡ እኔም በቤቱ ላይ የደረሰውን ሳስብ ከእነሱ ጋር እስማማለሁ፡፡ ነገር ግን ያ ዓይነት እልህ የሌለው ሰው የካርሰንን ስሌት አይቶ ኤፍ ኤምን ገና ሳይጀምር ይተወው ነበር፡፡ ሁለቱን መነጣጠል የሚቻል አይመስለኝም፡፡

በ1990ዎቹ ለቤትና ለግቢ ይሸጡ የነበሩት ገመድ አልባ ስፒከሮች ብዙዎቹ ሙዚቃውን የሚያመላልሱት በኤፍ ኤም ነበር፡፡ ብሉቱዝም ሲጀመር መረጃውን የላከው የሞገዱን ድግግሞሽ በመቀያየር ነው፡፡ የአልፓይኑ ማማም አልወደቀም፡፡ በሴፕቴምበር 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች ከነአንቴናቸው ሲፈርሱ፣ በርካታ የኒውዮርክ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ወደ አየር የተመለሱት አርምስትሮንግ በራሱ ገንዘብ በተከለው ማማ ላይ ተንጠላጥለው ነበር፡፡