ገጣሚው ቡና ነጋዴ፦ የአርተር ራምቦ ሁለት መልክ

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ አካባቢ ለምንማር ልጆች ቡና ነጋዴ ብርቅ አይደለም። ጀንፈል የሚሰበስበውን፣ የሚመዝነውን፣ በዋጋ የሚከራከረውን በየመንገዱ እናየዋለን። ከነጋዴዎች አንዱ በዓለም የታወቀ ገጣሚ ነው ብንባል ግን ማናችን እናምናለን? በምሥራቁ የቡና አገር፣ በሐረር፣ እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል፤ አርተር ራምቦ።

ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 በፈረንሳይ ሻርልቪል ከተማ ተወለደ። በ1872፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሠዓሊው ፋንታን ላቱር ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ራምቦ በግራ በኩል ከጓደኛው ከቬርሌን አጠገብ ፊቱን በእጁ ደገፍ አድርጎ ተቀምጧል። ሜራ የተባለው ገጣሚ ከነሱ ጋር አልሣልም ስላለ በሱ ቦታ አበባ ገባ።

ራምቦ ሃያ ዓመት ሲያልፈው ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ተወ። ብዙ አገር ዞሮ በ1880 ኤደን ከደረሰ በኋላ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ሐረር ገባ። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ በግመል ወደ ባሕር መላክ ነበር።

በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ራሱን በራሱ ፎቶ አነሳ። በአንዱ ፎቶ ላይ ሐረር ውስጥ በቡና ጓሮ መሀል ቆሟል። ፎቶዎቹ ደብዝዘዋል፣ ፊቱም በደንብ አይለይም። ቢሆንም ለቤተሰቡ ላካቸው።

ሁሉም ነገር ግን አልቀናውም። በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ድረስ ወጣ፤ በሟች ሸሪኩ ዕዳ ምክንያትም ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። ተመልሶ ሐረር የራሱን ንግድ ከፈተ። በ1891 ጉልበቱን ስለታመመ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ባሕሩ አወረዱት። ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ብዙዎች ተሰጥኦውን በቡና ለወጠ እያሉ ይቆጩለታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የፓሪሱ ሥዕል የሚያሳየን የአንድ ልጅ አንድ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት፣ ኪሳራና ሕመምም የሱው ሕይወት ነው። ሰውየውን ማወቅ የፈለገ ከሥዕሉ ጎን ያንን የደበዘዘ ፎቶ ማየት አለበት።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለራምቦ ቡና የሸጡት ገበሬዎችስ መልካቸውን ማን ሣለላቸው? ስማቸውንስ ማን ያውቃል? እኛ የቡና አገር ተማሪዎች ቢያንስ የዛሬዎቹን ጠይቀን ብንጽፍ ጥሩ ነው እላለሁ።