ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

አርብ ከሰዓት በጅዳ ኑዝላ ሰፈር ሲያልፉ የአማርኛ ወሬ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ከወሬው መካከል የኳስ ክርክር አይጠፋም፤ ጊዮርጊስ ይሻላል ወይስ ቡና? የጊዮርጊስ ስም ሲነሳ አብሮ መነሳት ያለበት አንድ ሰው አለ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በልጅነታቸው የገቡበትን ቅዱስ ጊዮርጊስን ለ23 ዓመታት አገለገሉ፤ በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳስቆጠሩም ተመዝግቧል።

ወጣትነታቸው ያለፈው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ያኔ ሐበሻ በገዛ አገሩ ከነጭ ተለይቶ እንዲኖር በሕግ ተደንግጎ ነበር። ይህን በዓይናቸው ያዩት ይድነቃቸው የዘር መድልዎን ዕድሜያቸውን ሙሉ ታገሉ።

ከነጻነት በኋላ የአገሪቱን የስፖርት አስተዳደር ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። የስፖርት ሕጎችንም ወደ አማርኛ ተረጎሙ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በማይገባን ቋንቋ የተጻፈ ውል ፈርመን የመጣን ሁሉ ዋጋውን እናውቃለን። ሕጉን በራሱ ቋንቋ ያወቀ ሰው መብቱን ይጠይቃል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ካርቱም ላይ ተገናኙ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በ2ኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም በሕዝብ ተሞላ። በይድነቃቸው የሚሠለጥነው የኢትዮጵያ ቡድን በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ተፋጠጠ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 እየተመራች ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ ሰጡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር፤ አንዱን ቦታ ከእስያ ጋር እንድትሻማ ተደረገ። ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። በ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች። ዛሬ ሞሮኮና ሴኔጋል በዓለም ዋንጫ ሲጫወቱ የምናየው ያኔ በተከፈተው በር ነው።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1976 የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን ሲያባርር ከግንባር ቀደም ታጋዮቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። የአፓርታይድን መውደቅ ግን አላዩም። በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በሥልጣን ላይ እንዳሉ አረፉ።

318ቱን ጎሎች ያዩ ዛሬ ጥቂት ናቸው። እኩል ካልሆንን አንጫወትም ማለታቸው ያስገኘውን ፍሬ ግን ኳስ የሚያይ አፍሪካዊ ሁሉ ይቋደሰዋል።